የፍሪጁ ጉንጭ

ማርች 6

የተማሪ ነጭ ጋዋን ስሰፋ ዋልኩ። የበጋው ዕረፍት አልቆ ትምህርት ስለተከፈተ የሰፈሩ ልጆች ልብስ ሁሉ እኔ ጋ ነው። የአንዱ እጅጌ ይረዝማል፣ የሌላው ቁልፍ ተበጥሷል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ጋዋን አያወራም።

ከሰዓት በኋላ ዶሪስ መጣች። ሳምኳት፣ «ደህና ነሽ፣ ቤተሰብ ደህና?» አልኳት። እንደ ደንቡ። የቀለም ናሙና ይዛ ነበር። ሮዝ።

«እኛ ቤት ከጋራዡ ኋላ ያለውን ክፍል ላስቀባልሽ ነው።»

«ለምን?»

«ኒቢያ... እማማ ከሞተች ሁለት ወሯ። ጡረታዋ ቆሟል። በጋዋን ቁልፍ መብራትና ውኃ ልትከፍዪ ነው?»

እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ቤቷ ግን ሦስት ውሻ አለ። ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ባሏ ኤዲሰን ለካርኒቫል ከበሮ ይመታል፤ ካርኒቫሉ ካለፈም ይመታል። ከበሮዎቹ የት ነው የሚሰቀሉት? ከጋራዡ ኋላ ያለው ክፍል ውስጥ።

«ከበሮዎቹን ኮሪደር ላይ እናደርጋቸዋለን» አለች።

ኮሪደሩ የዚያው ክፍል በር ላይ ነው።

ይህን ቤት ለቅቄ መሄድ አልችልም። እግሬ ይችላል። ሌላው ነገሬ ነው የማይችለው... ይህን ለሰው እንዴት ያስረዳሉ?

ማርች 11

ያን ገጽ ዛሬም ከመሳቢያው አውጥቼ አነበብኩት። ባለፈው ክረምት ባለሱቋ ዶኛ ኤልቢራ እንቁላል የጠቀለለችልኝ የመጽሔት ገጽ። ማንበብ የለመድኩት በመጠቅለያ ወረቀት ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ጩኸቱን አልቻልኩትም። ስለዚህ ስለ ጦርነት፣ ስለ ፈረስ ውድድር፣ ስለ ኩላሊት የማውቀው ሁሉ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ይጎድለዋል።

ይኼኛው ርዕሱ «ኦቲዝም እንዳለባቸው በሃምሳ ዓመታቸው ያወቁ ሴቶች» ይላል። ሳነበው የጎረቤት ሰው ስለ እኔ የጻፈው መሰለኝ። ስለ ድምፅ፣ አንገት ላይ የተሰፋ የልብስ ምልክት ስለ ማሳከኩ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ደንብ እንደ ባዕድ ስለ መማር... ከዚያ «ወደ ገጽ 64 ይዞራል» ይላል። ገጽ 64 የማንን እንቁላል እንደጠቀለለ እንጃ።

ገጹን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ ያኔ። ወጣቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ደጋግማ ቀጠረችኝ፣ ብዙ ጠየቀችኝ፣ በመጨረሻ «አዎ ወይዘሪት ኒቢያ፣ ኦቲዝም ነው» አለችኝ።

«ያማል?»

«አያምም። እስከ ዛሬም አብሮዎት ነበር።»

ዛሬ ያቺው ልጅ አዲስ ነገር ነገረችኝ። የጉዳተኞች ድጎማ መጠየቅ ይቻላል። በየወሩ የሚሰጥ። ብዙ አይደለም፣ ግን ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለእንቁላል ይበቃል። ሕክምና ቦርድ ፊት መቅረብ አለብኝ።

ከተሰጠኝ ቤቴ እቀራለሁ። ካልተሰጠኝ ሮዙ ክፍል።

ማርች 20

ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ነው። እኔ ደግሞ ስልክ መነጋገር አልችልም። ባለሙያዋም በወረቀቱ ላይ ጽፋዋለች። ቢሮው ሄጄ ወረቀቱን አሳየሁ።

«ስልክ መነጋገር አልችልም።»

«ገባኝ የኔ እመቤት» አለች መስኮት ላይ ያለችው ልጅ። «እሱን ለማስመዝገብ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።»

ዶን ቴኦፊሎ አዳነኝ። ጎረቤቴ ነው፣ የድሮ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ስለ ወገቡ ድጎማ የሚበላ። ስለ ቦርዱ የማያውቀው የለም። ማቴውን፣ ያን መራራ የቅጠል ሻይ፣ እየመጠጠ በአጥሩ በኩል ሰማኝና ስልኩን ተቀበለኝ።

«ሃሎ። አዎ፣ ወይዘሪት ኒቢያ ነኝ» አለ። በዚያ በሾፌር ድምፁ።

ከወዲያ የሆነ ነገር ጠየቁት።

«አይ፣ ጉንፋን አይደለም። ከልጅነቴ ነው።»

ቀጠሮው ተያዘ። ኤፕሪል 24።

ከዚያ ምክር ጀመረ። «ስሚኝ አንቺ ልጅ። የዚያን ቀን ጸጉርሽን አታበጥሪ።»

«ለምን?»

«የተበጠረ ሰው ደህና ነው። እኔ ለወገቤ ስቀርብ ከዘራ ተውሼ ሄጃለሁ።»

«ወገብዎን አያምዎትም ማለት ነው?»

«ያመኛል እንጂ! ግን ሕመም አይታይም። ከዘራ ይታያል።»

ሳስበው አደርኩ። የኔ ከዘራ ምንድን ነው?

ኤፕሪል 24

ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ተበጥሬ። ያልተበጠረ ጸጉር ይዤ መውጣት አልቻልኩም።

ደህና የሄደ ይመስለኛል። ምንም ስህተት አልሠራሁም። የተጠባባቂዎቹ ክፍል ስገባ ሁሉንም ሳምኳቸው። አንድ ሰው ክራንች ስለያዘ ዞሬ ነው ያገኘሁት ጉንጩን። አንዲት አሮጊት «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉኝና ሌላኛውን ጉንጫቸውንም ሰጡኝ። ጥበቃውን ሳምኩት። ቀላ።

የእማማ ደንብ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሳማል። አንድ የተዘለለ እንደሆነ ተሰደበ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር እገባ ነበር። እማማ እግሬን ጎትታ አውጥታ ፍሪጁ ፊት አቆመችኝ። «ይኸው፣ እሱ አይነክስሽም። በእሱ ተለማመጂ።» በየቀኑ ከምሳ በፊት። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ከንፈር ለአየር፣ ትንሽ ድምፅ፣ ፈገግታ፣ «ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?» ከዚያ ማፈግፈግ። ፍሪጁ ይቀዘቅዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን መልሶ አይስምም። እስከ ዛሬ ከሳምኳቸው ሁሉ የተመቸኝ እሱ ነው። ያው ፍሪጅ ዛሬም ወጥ ቤቴ አለ።

ውስጥ ሦስት ነበሩ። ዶክተር ላሳርቴ የሚባል ወፍራም ሰው፣ ማይራ የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ አንዲት ጸሐፊ። ሦስቱንም ሳምኳቸው። ዶክተሩን «ቤተሰብ ደህና?» ስለው ሚስቱ የሐሞት ቀዶ ጥገና ሊደረግላት እንደሆነ ነገረኝ። ብዙ ነገረኝ። የጠየቁኝ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱ ሄዶ ነበር።

ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ጨለማ ውስጥ ተኛሁ። ምሳም እራትም አልበላሁም። ይህን ማንም አላየም።

ሜይ 30

ደብዳቤው መጣ። ዶሪስ እዚህ ነበረችና እሷ ጮክ ብላ አነበበችው።

«"አመልካቿ ተግባቢ፣ ሞቅ ያሉና ለሰላምታ ቀዳሚ ሆነው ተገኝተዋል..." ኒቢያ! በመንግሥት ማኅተም! እማማ ይህን ብታይ!»

«ታች ምን ይላል?»

«ቆይ... "ስለዚህም ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል"።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ቢሆንም የላይኛው ይሰቀላል። ፍሬም ውስጥ አስገባዋለሁ።»

ሮዙ ቀለም ተገዝቷል። ኤዲሰን ቅዳሜ ይጀምራል።

ጁን 2

ዝናብ። ፍሪጁን አጠብኩ። ቀኑ አይደለም፤ የሚታጠበው ቅዳሜ ነው።

ጁን 10

ጤና ጣቢያ። ባለሙያዋ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው።

«ለምን ሳሟቸው?»

«ሰዎች ነበሩ።»

«ተጠባባቂዎቹንስ?»

«እነሱም።»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁም። ከዚያ የፍሪጁን ነገር ነገርኳት። ትከሻዋ መንቀጥቀጡን ተወ።

«ይህን ለእነሱ ነግረዋቸዋል?»

«አልጠየቁኝም።»

ይግባኝ እንላለን አለች። ሌላ ሦስት ሰው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሌላ ሦስት ሰው የለም። ያው ቦርድ ነው። ደግሞ በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ምስክር ይዤ መቅረብ አለብኝ። የሚያውቀኝ ሰው... ዶሪስ ናት እንግዲህ።

ጁን 22

ዶሪስና ዶን ቴኦፊሎ በአጥሩ ላይ ተጣሉ።

«እንዳትስሚያቸው!» ይላል እሱ። «እንደ ምሰሶ ቁሚ።»

«ዶክተር ሳይሳም? እማማ ከመቃብር ትነሳለች!»

«ትነሳና ትመስክር፤ እሷም ትጠቅመናለች።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፣ የተውሶ ከዘራ!»

እኔ ጋዋን እተኩስ ነበር። ሁለቱም አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። መሳሙን ብትተዪ ምን ይሰማሻል የሚል። ዛሬ ራሴ ራሴን ጠየቅሁ። ሰው ቤት ስገባ ባልስም... እጄን ብቻ ከፍ ባደርግ... ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር የተነሳ ያህል መሰለኝ። ይቻላል እንዴ እንዲህ?

ጁላይ 17

ልጽፈው። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ብርድ ነበር። ዶሪስ ምርጥ ኮቷን ለብሳ፣ ቀይ ሊፕስቲኳን ተቀብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንጠራ ገባን። ዶክተር ላሳርቴ ተነስቶ ጉንጩን ዘንበል አደረገልኝ። እኔ ቆምኩ። ጉንጩ አየር ላይ ቀረ። ዶሪስ በክርኗ ወጋችኝ።

«አልስምዎትም» አልኩ።

«ተቀይመውናል?»

«አይ። ባለፈው የመጣሁት እንደ ተማርኩት ነበር። ዛሬ እንደ ራሴ ነው።»

ማይራ ብዕሯን አነሳች። «ይኸው ምልክቱ!»

«ምልክት አይደለም፣ ኩርፊያ ነው» አለ ዶክተሩ። «ባለፈው ስማኛለች። ያውም ሞቅ አድርጋ።»

«የሞቁት እርስዎ ነበሩ» አልኩ። «ትኩሳት ያለብዎት መስሎኝ ነበር።»

ጸሐፊዋ ሳለች። ወይም ሳቀች።

ከዚያ እርስ በርስ ተከራከሩ። አንዴ የሳመ ሰው መሳም ይችላል ይላል ዶክተሩ። የቻለ ሰው ሁሉ ደህና አይደለም ትላለች ማይራ። ጸሐፊዋ «ልጻፍ ወይስ ልጠብቅ?» ትላለች። ዶሪስን ጠየቁ።

«እህቴ ምንም የላትም!» አለች ዶሪስ። «ንጹሕ ናት፣ ታታሪ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት። ትንሽ ዓይን አፋር ብቻ።»

ምስክሬ ይህ ነው። ሮዙ ክፍል ታየኝ። የከበሮው ቆዳ ሽታ ሳይቀር።

ስለዚህ ነገርኳቸው። ጠረጴዛ ሥር መግባቴን፣ ፍሪጁን፣ በየቀኑ ከምሳ በፊት መሆኑን። ቤት ስመለስ ጨለማ ውስጥ መተኛቴን። ዶክተሩ አላመነኝም።

«እንዲህ ያለ ሰላምታ... ከፍሪጅ?»

ጥጉ ላይ የእነሱ ትንሽ ፍሪጅ አለ፣ ምሳቸውን የሚያስቀምጡበት። በአገጩ አሳየኝ። «እስቲ ያሳዩን።»

ቀልዱ ይሁን ምርመራው አላወቅሁም። እኔ ቀልድን ከጥያቄ መለየት ይቸግረኛል። ተነሳሁ። ትንሽ ስለሆነ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጉንጬን ለበሩ፣ ከንፈር ለአየር፣ ድምፅ፣ ፈገግታ። «ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?» አልኩት። ከዚያ አፈገፈግሁ።

ፍሪጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ።

«ያው ነው» አለ። «ቁርጥ ያው ነው።»

«ያው ነው።»

«"ቤተሰብ ደህና"ውም?»

«እሱም።»

«እኔ እኮ... ስለ ባለቤቴ የነገርኩሽ ከልቤ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሐሞቷ። ተሻላት?»

«ተሻላት» አለ። አፍንጫውን ጠረገ።

ማይራ ትጽፋለች፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ዞር ስል ዶሪስ እያየችኝ ነው።

«እኔንም?»

መዋሸት አልችልበትም። ብችልበት ኖሮ ያኔ እዋሽ ነበር። ምናልባት።

«አንቺንም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር እያለ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ጁላይ 20

እሑድ። ዶሪስ አልመጣችም። በየእሑዱ ትመጣ ነበር።

ጁላይ 27

አልመጣችም።

ኦገስት 3

አልመጣችም። ድስት ሙሉ ሠርቼ ነበር። ዶን ቴኦፊሎ በላልኝ። «ታዲያ ለምን አይ አላልሻትም?» አለኝ።

«እውነት ስላልሆነ።»

«አንቺ ልጅ ከዘራ መዋስ አልተማርሽም» አለ። ከዚያ ግን ሁለተኛ ሳህን ወሰደ።

ኦገስት 21

ተሰጠኝ!

«ማኅበራዊ ግንኙነታቸው በልምምድ የተገኘና ከፍተኛ ድካም የሚያስከትል...» ብቻ ተሰጠኝ። በየወሩ። ቤቴ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ እቀርባለሁ፤ ምናልባት ድኜ እንደሆነ ሊያዩ። ከምን?

በየክፍሉ ዞሬ ግድግዳውን በእጄ ነካሁ። ሞኝነት ነው። ደስ ብሎኝ ነው። መብራቱንም አብርቼ ተውኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሰስት።

ዶኛ ኤልቢራ ዘንድ እንቁላል ልገዛ ስሄድ ሱቁ ሙሉ ሰው ነበር። እጄን ከፍ አደረግሁ። ብቻ። አንዳንዱ ጉንጩን ይዞ ቆየ። ከዚያ አንዱ እሱም እጁን አነሳ። ማንም አልሞተም።

ዶኛ ኤልቢራ «ገጽ 64 ስትዪ አልነበር? አገኘሁልሽ!» አለችኝ። እየሮጥኩ ቤቴ መጥቼ ገለጥኩት። የሌላ መጽሔት ገጽ 64 ነው። ስለ ማርመላታ አሠራር። መጨረሻውም አለ። ሙሉ ነው።

ለማን ልንገር አሁን ይህን? ለዶሪስ ነበር የሚነገረው።

ሴፕቴምበር 10

ልደቴ ነው። ሌላ ጊዜ ቤቱ በዘመድ ይሞላና ሁሉን ስሜ ስሜ ሁለት ቀን እታመም ነበር። ዘንድሮ ማንንም አልጠራሁም። የጋዋን ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ዶሪስ። ኬክ ይዛ። ሊፕስቲኳን ተቀብታለች። ደፉ ላይ ቆመች፣ አልገባችም።

«ልስምሽ አልመጣሁም» አለች።

«እሺ።»

«ኬኩን ላስቀምጥ ነው።»

«እሺ።»

ገብታ አስቀመጠች። ተቀመጠችም። ሮዙን ክፍል ውሾቹ ወርሰውታል አለችኝ፤ ኤዲሰን ለእነሱ ከበሮ ይመታላቸዋል፣ እነሱም ይጮኹለታል። ማቴ አፈላሁ። ከዚያ ኮቷን ሳታወልቅ፦

«ስንት ዓመት ነው ፍሪጅ ሆኜ የኖርኩት?»

«ከልጅነትሽ።»

«አንድም ቀን? አንዲት ቀን እንኳ ከልብሽ...?»

አሰብኩ። ትክክለኛውን መፈለግ ነበረብኝ።

«እማማ የሞተች ለት አልሳምኩሽም» አልኳት። «ሁሉም ሲስምሽ እኔ ረሳሁት። ወለሉ ላይ አጠገብሽ ተቀምጬ ጫማሽን ይዤ ነበር።»

«ጫማዬን...» አለች። «አዎ። ይቺ ልጅ ጫማዬን ምን ልታደርገው ነው ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይዘሽው አደርሽ።»

«አዎ።»

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

አላለቀሰችም። ማለት፣ ትንሽ። ኮቷን አወለቀች፣ ኬክ በላን፣ ስለ ማርመላታው ነገርኳት፣ እስኪያስላት ሳቀች። ልትሄድ ስትነሳ እኔም ተነሳሁ። እጄን ከፍ አደረግሁ። እሷ ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። ፍሪጁ ፊት ቆመች፣ በሁለት እጇ አቅፋ ጉንጩን ሳመችው። ከልቧ። ድምፁ ተሰማ።

«ላንቺ ነው» አለችኝ። «እሱ ያደርስልሻል።»

ሴፕቴምበር 13

ቅዳሜ። ፍሪጁን አጠብኩ። በሩ ላይ ያለውን የከንፈር ቀለም ሳልነካ፣ ዙሪያውን።